የቁም ሳጥኔ አፕ፦ ከቀለሙ በፊት ቅርጫቱን ጠይቁ

ከቤት ለመውጣት 10 ደቂቃ ቀርቶኛል። አልጋዬ ላይ ሦስት ሸሚዝ ተዘርግቷል። አንዱ ከለበስኩት ሱሪ ጋር አይሄድም። ሌላውን ከትናንት ወዲያ ለብሼዋለሁ። ሦስተኛው አምሮኛል፣ ግን ካውያ አልነካውም። መጨረሻ ላይ እጄ የሚያነሳው ያንኑ ግራጫ ሹራብ ነው። ቁም ሳጥኑ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል።

እንዲህ ያለው ጠዋት በሳምንት ሦስት አራቴ ሲደጋገምብኝ፣ ከራሴ ልብሶች መርጦ «ዛሬ ይሄን ልበሺ» የሚለኝ ትንሽ አፕ ልሥራ አልኩ። ሙያዬ ፕሮግራሚንግ አይደለም። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ግን ተምሬያለሁ፤ ትንንሽ ነገር እጽፍበታለሁ። ተመሳሳይ ሐሳብ ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ የሄድኩበትን መንገድ፣ የሳትኩበትንም ጭምር፣ ላካፍላችሁ። እኔ ሁለት ወር የፈጀብኝን እናንተ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ትጨርሱታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ከፎቶ መጀመሬ ነው። አንድ ቅዳሜ ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጌ፣ ልብሶቹን አንድ በአንድ አልጋ ላይ እየዘረጋሁ ሳነሳ ዋልኩ። የፈለግኩት ኮምፒውተሩ ፎቶውን አይቶ ቀለሙን ራሱ እንዲያውቅ ነበር። ለዚህ የታወቀ ዘዴ አለ። ፎቶውን ታሳንሱታላችሁ። ከዚያ ኬ-ሚንስ በሚባለው ስልት ተቀራራቢ ቀለሞችን በቡድን ትከፍላላችሁ። ብዙ ነጥብ የያዘው ቡድን የልብሱ ቀለም ነው ማለት ነው። ፎቶውን የሚከፍትላችሁ ፒሎው የሚባል የፓይተን ላይብረሪ (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) አለ። የቀረው ኮድ አጭር ነው።

ኮዱ ሠራ። ውጤቱን ሳይ ግን ሰባት ሸሚዞቼ አንድ ዓይነት የወተት ቀለም ሆነዋል። የአልጋ ልብሴ ቀለም ነው። ከፎቶው ሰፊውን ቦታ የያዘው አልጋ ልብሱ ስለነበር ኮምፒውተሩ የቆጠረው በትክክል ነው። የፎቶውን መሃል ብቻ ቆርጬ ስሞክር ተሻለ። ማታ በአምፖል ያነሳኋቸው ነጭ ልብሶች ደግሞ ቢጫ ሆነው ተመዘገቡ። አንዳንድ ሱሪዎች ተጋድመው መጡ። ስልኩ ምስሉን ራሱን አያዞረውም፤ «ሲከፈት እንዲህ ይዙር» የሚል ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ ይተዋል እንጂ። ፒሎው ውስጥ ይህን ማስታወሻ አንብቦ ፎቶውን የሚያቃና ዝግጁ ትእዛዝ አለ። ከፎቶ ጋር የምትሠሩ ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን አስገቡ።

አንዱን ሳስተካክል ሌላው እየተበላሸ ሦስት ሳምንት ሄደ። ያኔ ነው ታናሽ እህቴ ልትጠይቀኝ የመጣችው። ስልኬን ሰጠኋት። አፑ ሰማያዊ ሸሚዝና ጥቁር ሱሪ አውጥቷል፤ ከላይ ደግሞ «ለዛሬ» ይላል።

«ቆንጆ ነው» አለች። ከዚያ ዘወር ብላ የሚታጠብ ልብስ የማጠራቅምበትን ቅርጫት አየች። «ግን ሸሚዙ እዛ ውስጥ አይደል እንዴ?»

እውነቷን ነው። እጅጌው ከቅርጫቱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል።

ያን ቀን ማታ የጻፍኩትን አብዛኛውን ኮድ ወደ ጎን አድርጌ እንደገና ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ምን ከምን ጋር ያምራል?» እያልኩ ነበር። ጠዋት ላይ የሚያስፈልገኝ ጥያቄ ግን «አሁን ለመልበስ የተዘጋጀው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይህን የማያውቅ አፕ ቀለም ማዛመዱን የቱንም ያህል ቢችልበት፣ በሁለተኛው ቀን ትዘጉታላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የተነሳ ነው።

መጀመሪያ የልብሱን ቁጥር ቀነስኩ። ሁሉንም ላስገባ ብሎ መነሳት ያደክማል። ካለፈው ወር ወዲህ የለበስኳቸውን ብቻ መረጥኩ፦ 14 ከላይ የሚለበሱ፣ 6 ሱሪና ጉርድ፣ 4 ጫማ፣ 3 ጃኬት። ሲደመር 27። ትንሽ ይመስላል። ግን 14 በ6፣ በ4 ሲባዛ 336 አማራጭ ነው። ሦስቱን ጃኬቶችና «ያለ ጃኬት» የሚለውን ስትጨምሩበት 1344 ይሆናል። ሰው ጠዋት ቆሞ ይህን ሁሉ በጭንቅላቱ አያገላብጥም፤ ለዚህ ነው እጃችን ሁልጊዜ ወደ አንዱ ሹራብ የሚሄደው።

ዳታውን ያስቀመጥኩት በኤስኪውላይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ዳታቤዝ ሲሆን፣ ሁሉ ነገር አንድ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሰርቨር አይፈልግም፤ ፓይተን ደግሞ አብሮት ይዞ ይመጣል። ሁለት ሰንጠረዥ ብቻ አለኝ። አንዱ የልብሶች ነው። ሁለተኛው የለበስኩባቸው ቀኖች መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ልብስና አንድ ቀን ይይዛል። «መጨረሻ የተለበሰበት ቀን» የሚል ሳጥን ልብሱ ላይ ማስቀመጥ ይቀል ነበር። ግን መዝገቡ ካለ ያንን ቀን ከእሱ ማውጣት ይቻላል፤ የቱ ከየቱ ጋር እንደተለበሰም ታውቃላችሁ። ይህን በማድረጌ በኋላ በጣም ተደስቻለሁ።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለምትሠሩ አንድ ማሳሰቢያ። መጀመሪያ የቀለሙንም የዓይነቱንም ስም በእጄ ነበር የምተይበው። አንድ ቀን አፑ ሁለት ሰማያዊ ልብሶቼን እንደ ተለያየ ቀለም ሲቆጥር አየሁ። ብዙ ፈለግኩ። ለካ አንዱን «ሰማያዊ» ሌላውን «ሠማያዊ» ብዬ ጽፌዋለሁ። ስናነበው አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሰ እና ሠ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ጸ፣ ፀ፣ አ፣ ዐ ላይም ያው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስም አትተይቡ። ከዝርዝር የሚመረጥ አድርጉት፤ ዝርዝሩን አንዴ ጻፉና ተገላገሉ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እያንዳንዱ ልብስ አንድ «ሁኔታ» አለው፦ ዝግጁ፣ ካውያ የሚፈልግ፣ የሚታጠብ፣ ወይም እጄ ላይ የሌለ። የመጨረሻው ሰው ለተዋሰኝ፣ ለጥገና ለሄደ፣ ቁልፉ ለተበጠሰ ሁሉ ይሆናል። አሁን ጥያቄው ይህን ማን ያድሳል ነው። ጠዋት ጠዋት 27 ልብስ ላይ ሁኔታ የሚቀይር ሰው የለም። እኔም በሦስተኛው ቀን ታክቶኛል።

የታደገኝ አንድ ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ልብስ «ስንት ጊዜ ተለብሶ ይታጠባል?» የሚል ጥያቄ መለስኩ። ቲሸርት 1። ሸሚዝ 1። ሹራብ 4። ጂንስ 5። ጃኬት 15። ቁጥሩ እንደየሰዉ ይለያያል፤ ብዙ የሚያልበው ሰው ያሳንሰዋል። ከዚያ በኋላ ጠዋት የምነካው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፦ «ለበስኩት»። እሱን ስነካ አፑ መዝገቡ ላይ ይጽፋል፣ የእያንዳንዱን ልብስ ቆጠራ በአንድ ይጨምራል፣ ቁጥሩ የሞላውን ራሱ ወደ «የሚታጠብ» ያዞረዋል። ልብስ ሳጥብ ደግሞ «አጠብኩ» የሚል አንድ ቁልፍ አለ። ቅርጫት ውስጥ የነበሩትን በሙሉ ነጻ ያወጣቸዋል፦ ቲሸርትና ጂንስ በቀጥታ «ዝግጁ» ይሆናሉ፣ ሸሚዝ ግን «ካውያ የሚፈልግ» ላይ ይቆማል። በሳምንት ውስጥ በዚህ አፕ ላይ የማጠፋው ጊዜ ሲደመር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አፑ እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀን ስትመዘግቡ አንድ ወጥመድ አለ። ኤስኪውላይት «ዛሬ» ስትሉት የሚመልሰው የዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ቀን ነው እንጂ የእናንተን አካባቢ ቀን አይደለም። እኔ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የነገውን ልብስ መርጬ ስመዘግብ በትናንቱ ቀን ይገባ ነበር። የአካባቢ ሰዓት ተጠቀም የሚል ተጨማሪ ቃል አለው፤ አስገቡት። ወይም ቀኑን ከፓይተን አውጥታችሁ ስጡት።

አሁን ምርጫው። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ መጣል፣ ከዚያ ነጥብ መስጠት ነው። ዝግጁ ያልሆነ ይወጣል። ዝናብ ካለ የሸራ ጫማ ይወጣል። በአንድ ቀን 9 ከላይ የሚለበስ፣ 4 ከታች፣ 3 ጫማና 2 ጃኬት ዝግጁ ቢሆን ከ1344ቱ 324 ብቻ ይቀራል። ነጥብ የሚሰጠው ለእነዚህ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም በነጥብ ልፍታ ብዬ ነበር፤ ለቆሸሸ ልብስ ትንሽ ነጥብ፣ ለንጹሕ ብዙ። ውጤቱ መጥፎ ነው። ቀለሙ በጣም ከገጠመ የቆሸሸውም አሸንፎ ይመጣል። መሆን የሌለበት ነገር በነጥብ አይዳኝም፤ ከናካቴው መግባት የለበትም።

ለብርድና ሙቀት «ስስ፣ መካከለኛ፣ ወፍራም» በሚል ጀመርኩ። አልበቃም። ስስ ሸሚዝ ላይ ወፍራም ሹራብ ሲደረብ ምን ሊባል ነው? ስፈልግ ክሎ የሚባል መለኪያ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1941 ጋጊ፣ በርተንና ባዜት የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ነው። 1 ክሎ ማለት ነፋስ በሌለበት፣ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ሳይበርደውም ሳይሞቀውም የሚበቃው የልብስ መጠን ነው። ለየልብሱ የተለካ ቁጥር አለ፦ ቲሸርት 0.08፣ እጅጌ አጭር ሸሚዝ 0.19፣ እጅጌ ረጅም ሸሚዝ 0.25፣ ስስ ሱሪ 0.15፣ ወፍራም ሱሪ 0.24፣ ስስ ሹራብ 0.25፣ ወፍራም ሹራብ 0.36። ጫማ 0.02 ብቻ ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ ቁጥሮቹ ይደመራሉ። እጅጌ ረጅም ሸሚዝ፣ ወፍራም ሱሪና ወፍራም ሹራብ 0.85 ይሆናል። በቃ፣ ጥያቄው የመደመር ሆነ።

ከዚያ ድምሩን ከአየሩ ጋር ማገናኘት ነው። የአየሩን ትንበያ ኦፕን ሚቴዮ ከሚባል የኢንተርኔት አገልግሎት ነው የምወስደው፤ ለግል ሥራ በነጻ ነው፣ መመዝገብና የመግቢያ ቁልፍ መጠየቅም የለበትም። ጠዋት ስነሳ ያለውን ሙቀት ብቻ ወስጄ ስሠራ ቀትር ላይ በሹራብ ተቃጠልኩ። አሁን ከቤት ከምወጣበት እስከምመለስበት ያለውን የየሰዓቱን ሙቀት አያለሁ። በጣም ሞቃቱ ሰዓት ጃኬትና ሹራብ ሳይቆጠር ያለውን ልብስ ይወስናል፤ በጣም ቀዝቃዛው ሰዓት ደግሞ ሁሉም ሲደረብ ያለውን። የሚወልቅና የማይወልቅ ልብስ መለየት ማለት ነው። ለእኔ ከ24 ዲግሪ በላይ ከሆነ ከ0.5 በታች፣ ከ17 በታች ሲወርድ ከ0.8 በላይ ይስማማኛል። በርዶኛል ወይም ሞቆኛል ባልኩ ቁጥር ቁጥሩን በ0.05 እየነካካሁ ነው እዚህ የደረስኩት። የእናንተ ገላ የተለየ ነው፤ ሁለት ሳምንት ስጡት።

ቀለም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ኮምፒውተር ቀለምን በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መጠን ነው የሚያስቀምጠው። በዚህ መልክ ለማዛመድ አይመችም። ኤችኤስቪ ወደሚባለው አገላለጽ ቀይሩት። እ.ኤ.አ. በ1978 አልቪ ሬይ ስሚዝ ያስተዋወቀው ነው፤ ፓይተን ውስጥ ዝግጁ ቀያሪ አለው። ሦስት ነገር ይሰጣችኋል፦ የቀለሙን ማዕዘን በክብ ላይ፣ ቀለሙ ምን ያህል የጠራ እንደሆነ፣ ምን ያህል ብሩህ እንደሆነ። ቀይ 0 ዲግሪ ላይ ነው፣ አረንጓዴ 120፣ ሰማያዊ 240።

ቀለሙን ኮምፒውተሩ እንዲገምት ማድረጉን ትቼዋለሁ። ልብሱን በቀን፣ መስኮት አጠገብ አነሳዋለሁ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ልብሱን በጣቴ ስነካ የተነካውን ቦታ ቀለም ይወስዳል። ለአንድ ልብስ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ያ ሁሉ የሦስት ሳምንት ኮድ በአምስት ሰከንድ ንክኪ ተተካ።

ግን እዚህም ጉድ አለ። ጥቁር ሱሪዬን ሁለት ጊዜ አንስቼ ነበር። በመጀመሪያው ፎቶ ቀለሙ ቀይ 24፣ አረንጓዴ 20፣ ሰማያዊ 21 ሆኖ ተነበበ። ወደ ማዕዘን ሲቀየር 345 ይሆናል፤ ወደ ቀይ የሚጠጋ ማለት ነው። በሁለተኛው ፎቶ 18፣ 20፣ 24 ሆነ። ማዕዘኑ 220፣ ሰማያዊ ሆነ። ያው አንድ ሱሪ ነው፤ በዓይን ሁለቱም ጥቁር ናቸው። አፑ ግን አንድ ቀን «ከቀይ ጋር ይሄዳል» ሌላ ቀን «ከቀይ ጋር አይሄድም» ይል ነበር። ቀለሙ በጣም ሲጨልም በሦስቱ ቁጥሮች መካከል ያለችው ትንሽ ልዩነት የካሜራው ጫጫታ፣ ማለትም የዘፈቀደ ስህተት፣ ነች፤ ማዕዘኑ ትርጉም የለውም። ስለዚህ ማዕዘኑን ከማየታችሁ በፊት ሁለት በር አስቀምጡ። ብርሃኑ (ከ0 እስከ 1 ሲለካ) ከ0.2 በታች ከሆነ ጥቁር ነው፣ አበቃ። ጥራቱ ከ0.15 በታች ከሆነ ደግሞ እንደ ብርሃኑ ግራጫ ወይም ነጭ ነው። ሁለቱን በር ያለፈ ብቻ ባለ ቀለም ይባላል።

ሌላው፣ ክብ መሆኑን አትርሱ። 350 እና 10 ሁለቱም ቀይ ናቸው። በተራ መቀነስ ልዩነታቸው 340 ይሆንና አፑ በጣም የተራራቁ ናቸው ይላል። ልዩነቱ ከ180 ከበለጠ ከ360 ላይ ቀንሱት፤ 20 ይመጣል። ትክክለኛው እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ሕጌ አጭር ነው። ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ከሁሉም ጋር ይሄዳሉ። ጂንስንም በእጄ ከእነሱ ጋር መደብኩት፤ በቁጥር ሰማያዊ ቢሆንም ማንም እንደ ሰማያዊ አይቆጥረውም። ሁለት ባለ ቀለም ከተገናኙ፣ ልዩነታቸው ከ30 በታች ወይም ከ150 በላይ ከሆነ ነጥብ ያገኛሉ። መሃል ላይ ያሉት አያገኙም፣ ግን አይጣሉም። ባለ መስመር ከባለ አበባ ጋር አይገናኝም። ይህ የእኔ ዓይን ነው። የእናንተ ዓይን ሌላ ካለ ሕጉን ቀይሩት፤ የራስን አፕ የመሥራት ትልቁ ደስታ ይሄ ነው።

ነጥቡ ከሁለት ነገር ይደመራል፦ ከቀለም እስከ 3፣ ከዕረፍት እስከ 4። ዕረፍት የምለው ልብሱ ከተለበሰ ስንት ቀን እንደሆነው ነው፤ 14 ቀን ሲሞላ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ዕረፍቱን ከቀለም ያስበለጥኩት አውቄ ነው። ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ ልብስ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ከዚያ አፑ አንደኛ የወጣውን አይሰጠኝም። ከላይ ካሉት 10 ውስጥ ዕጣ ያወጣል፤ ነጥቡ ከፍ ያለው የመውጣት ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። አንደኛውን ብቻ ሲሰጠኝ በነበረ ጊዜ «ሌላ አሳየኝ» ስለው እንኳ የሚያመጣው ሸሚዙ ያው ሆኖ ጫማው ብቻ የተቀየረ ነበር።

«ሌላ» ስላልኩ፣ ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝን ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ «አልፈልግም» የሚል አንድ ቁልፍ ነበረኝ። ሲነካ አብረው የቀረቡትን ልብሶች ሁሉ ነጥብ ይቀንሳል። እየለመደኝ ይሄዳል ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት ሲሞላ በጣም የምወደው ሰማያዊ ሸሚዝ ጠፋ። ያ እጅጌው ተንጠልጥሎ የነበረው። ለቀናት አልመጣም። መዝገቡን ከፍቼ ሳይ አምስት ጊዜ «አልፈልግም» ብዬዋለሁ። አንድ ጊዜ ዝናብ ነበር። ሁለት ጊዜ ካውያ አልነካውም ነበር። አንድ ጊዜ አብሮት የመጣው ጉርድ ነው ያላማረኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቸኩዬ ዝም ብዬ ነካሁት። ሸሚዙን ጠልቼው የማውቅበት ቀን የለም።

ቁልፉን በአራት ከፈልኩት፦ «አሁን ዝግጁ አይደለም»፣ «ይበርዳል ወይም ይሞቃል»፣ «አብረው አይሄዱም»፣ «ዛሬ አላሰኘኝም»። የመጀመሪያው የትኛው ልብስ እንደሆነ ጠይቆ ሁኔታውን ያስተካክላል፤ ነጥብ አይነካም። ሁለተኛው የክሎውን ወሰን ያንቀሳቅሳል። ሦስተኛው ጥንዱን ብቻ ይመዘግባል፤ ይህ ሸሚዝ ከዚህ ጉርድ ጋር ከእንግዲህ አይምጣ ይላል። ለብቻቸው ግን ሁለቱም ይመጣሉ። አራተኛው ምንም አይቀይርም። ሰው ምክንያት ሳይኖረውም «አይ» ይላል፤ አፑ ከዚያ ምንም መማር የለበትም። ሰማያዊው ሸሚዝ በማግስቱ ተመለሰ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለምን አልተጠቀምሽም የሚለኝ ሰው አለ። በ27 ልብስና በጥቂት ሳምንት መዝገብ የሚማር ነገር ብዙም አያገኝም። ሕግ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይሠራል፤ ሲሳሳትም የት እንደተሳሳተ ገብቼ አያለሁ።

የሚታየው ገጽ ፍላስክ በሚባል የፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ነው የተሠራው፤ የምከፍተው በስልኬ ብራውዘር፣ በቤቴ ዋይፋይ ነው። አንድ ስክሪን ነው። ሦስት አራት ፎቶ፣ ከሥሩ «ለበስኩት» እና አራቱ ምክንያቶች። ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ልሥራ ብዬ አልደከምኩም፤ እናንተም መጀመሪያ ላይ አትድከሙ። ፎቶዎቹን ከቤት ውጭ ወዳለ ሰርቨር የምታወጡ ከሆነ ግን ስልክ ፎቶ ውስጥ የተነሳበትን ቦታ ሊጽፍ እንደሚችል አስቡ። ከመላካችሁ በፊት ያንን መረጃ አውጡት። የቤታችሁ አድራሻ ከሸሚዝ ፎቶ ጋር መሄድ የለበትም።

አሁን አራት ወር ሆኖኛል። መዝገቡ ላይ «በ90 ቀን ያልተለበሰ» ብዬ ስጠይቅ አራት ልብስ ወጣ። ሁለቱ ጠበውኛል፤ ለሚሆናቸው ሰው ሰጠሁ። አንዱ አረንጓዴ ጉርድ ግን «ለምን?» አሰኘኝ። እወደዋለሁ። የጥንዶቹን ዝርዝር ሳይ ከእሱ ጋር ነጥብ የሚያገኝ ልብስ አንድ ነጭ ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ያ ሸሚዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካውያ እየጠበቀ ይቆማል። ስለዚህ እሑድ እሑድ ካውያ ሳወጣ መጀመሪያ የምተኩሰው እሱን ሆኗል። ጉርዱን ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ለበስኩት።

እህቴም ለራሷ ትፈልገዋለች። ስጀምርላት ሌላ ችግር ገጠመን። እሷ አብዛኛውን ጊዜ ቀሚስ ነው የምትለብሰው። የእኔ አፕ ደግሞ «አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች» ብሎ ነው የተጻፈው፤ ቀሚስ የቱ ጋ ይግባ? መጀመሪያ ከላይ አድርገነው ከታች «ባዶ» የሚባል ልብስ ፈጠርን። አስቀያሚ ነው፣ አፑ በሱሪ ፈንታ «ባዶ»ን ከሸሚዝ ጋር ሁሉ ማምጣት ጀመረ። አሁን ዓይነቱን ትተን እያንዳንዱ ልብስ የሚሸፍነውን የሰውነት ክፍል እንዲናገር እያደረግን ነው። ሸሚዝ ላይኛውን ይሸፍናል፣ ሱሪ ታችኛውን፣ ቀሚስ ሁለቱንም። አፑ ሁለቱም እስኪሸፈኑ ድረስ ይመርጣል፤ አንዱን ሁለት ጊዜ አይሸፍንም። ከእሷ ልብስ እስካሁን 11 አስገብተናል። ፎቶውን ትቼ በቅድሚያ የጠየቅኳት ስንት ጊዜ ተለብሶ እንደሚታጠብ ነው። ነጩን ቀሚስ ከፍ አድርጋ አገላብጣ አየችውና «አንዴ» አለች፤ ጂንሱ ላይ ስንደርስ ትንሽ አሰበችና «ስድስት ብለሽ ጻፊ» አለችኝ።